ለሁለት የተሰበረው ኤሊ

ባለፈው ኅዳር አጋሮ አጠገብ፣ አባ ዲጋ የተባሉ ቡና ገበሬ ድንጋይ ሆኖ የቆየ ጥንታዊ ኤሊ በመዶሻ ለሁለት ሰበሩ። የቡና ማድረቂያው ሸራ በነፋስ እንዳይነሳ በሁለቱም ጫፍ ሊጭኑበት ነበር። ወሬውን ሰምቼ አንዲት የቅሪተ አካል መምህርት ይዤ ሄድኩ።

«ወላሂ፣ ድንጋይ መስሎኝ ነው። ልታሳስሩኝ መጣችሁ?» አሉ።

«ጋዜጠኛ ነኝ፣ አባ» አልኳቸው። ቅርስ መስበር እንደሚያስከስስ ግን አልነገርኳቸውም።

መምህርቷ ስባሪውን እያገላበጠች ስብራቱን በጣቷ ትዳስስ ጀመር።

«ማሎ፣ እባክሽ ልጄ፣ ተናገሪ! ሰውዬው በቁሙ ሊሞት ነው» አሉ ሚስታቸው።

«ሁለቱንም ስባሪ እወስዳለሁ» አለች መምህርቷ።

«ለፍርድ ቤት?» አሉ አባ ዲጋ።

ከሳምንታት በኋላ ደወለችልኝ። ስብራቱ ላይ የዳሌው አጥንት ከቅርፊቱ ጋር ተጣብቆ ይታያል፤ ይህ ደግሞ አንገታቸውን ወደ ጎን በሚያጥፉ ኤሊዎች ብቻ የሚገኝ ምልክት ስለሆነ፣ ኤሊው ከነሱ ወገን ነው። ድንጋዩ ባይሰበር ኖሮ ዳሌው ውስጡ እንደተቀበረ፣ ወገኑም ሳይታወቅ ይቀር ነበር።