የአቶ ወንድይራድ ቦይና የእህታቸው ጉድጓድ

አቶ ወንድይራድ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው አፓርትመንታቸው ሲወጡ ዝናቡ ገና አላባራም ነበር። በሩ አጠገብ ባለችው የአበባ መደብ ላይ ውሃ ተኝቶ አዩ። መደቧ ዙሪያዋ ከፍ፣ መሐሏ ጎድጎድ ያለ ነበር። «ፈረንጅም እንዲህ ይሳሳታል!» ብለው ውሃው ወደ አስፋልቱ እንዲወርድ ጠርዟን በዣንጥላቸው ጫፍ ይጭሩ ጀመር።

«ጋሼ፣ ኧረ ፕሊስ አይንኩት!»

ዞር ሲሉ ከላይኛው ፎቅ የሚኖሩት የአቶ ንጉሡ ልጅ ዮዲ ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ ከርሰ ምድር ውሃ ትማራለች።

«ምነው ልጄ? ውሃው እኮ ተኝቷል።»

«እንዲተኛ ነው የተሠራው። ቀስ ብሎ ወደ ታች እንዲሰርግ።»

አቶ ወንድይራድ ግራ ገባቸው። ሰው ውሃ ከመሬት ያወጣል እንጂ ወደ መሬት ይከታል እንዴ? ሌላ ቀን ቢሆን ስቀው ባለፉ ነበር። ያን ዕለት ግን ልባቸው በውሃ ነገር ተይዟል። አሜሪካ ከመምጣታቸው በፊት ጅቡቲ ውስጥ፣ ከታጁራ ብዙም በማትርቅ የባሕር ዳር መንደር አሥራ ሁለት ዓመት ኖረዋል። እህታቸው የዓለምዘርፍ ዛሬም እዚያው ናት። የጓሮዋ ጉድጓድ ጨው ጨው ማለት ከጀመረ ሰነባብቷል፤ ቴምሮቿ ጠውልገዋል፣ ጎረቤቶቿም አንድ ሁለት እያሉ ለቀዋል። ሁለት ጊዜ በእሳቸው ምክር ጉድጓዱ ጠልቆ ተቆፈረ፤ ሁለቱንም ጊዜ ጨዉ ባሰ። አሁን ቆፋሪው ለሦስተኛ ጊዜ መጥቶ ቃላቸውን እየጠበቀ ነው። ይህም ካልሆነ የዓለምዘርፍ ቤቷን ዘግታ መሰደዷ ነው።

ይህን ሲነግሯት ዮዲ ደነገጠች።

«ጋሼ፣ አሁኑኑ ስቶፕ ያስደርጓቸው! ወጥ ላይ ዘይት ሲንሳፈፍ አይተው የለ? እዚያም የሚጠጣው ውሃ ቀለል ስለሚል ከጨዋማው የባሕር ውሃ በላይ ይንሳፈፋል። ጭልፋውን ወደ ታች በሰደዱት ቁጥር ዘይቱን ያልፉታል።»

«ታዲያ የሚጠጣው ውሃ የት ሄደ?»

«ተቀድቶ አለቀ፤ የሚተካው አልገባም። እዚያ ጭራሽ አይዘንብም?»

«በዓመት ሁለቴ ሦስቴ ይዘንባል። ሲመጣ ግን ጎርፍ ነው፣ ከተራራው ተንደርድሮ!» አሉና ፊታቸው በራ። «ለእሱስ መላ አበጅቼለታለሁ። ከመንደሩ በላይ ቦይ ቆፍሬ በቀጥታ ወደ ባሕር ሰድጄዋለሁ። እስከ ዛሬ የወንድይራድ ቦይ ይሉታል።»

ዮዲ ልትናገር አመነታች። እዚህ አገር ብታድግም፣ ትልቅ ሰው በሚኮራበት ሥራ ላይ አፍ እንደማይከፈት ታውቃለች። ይሁን እንጂ ዝምታም አንዳንዴ ክፋት ነው።

«ጋሼ፣ ሶሪ... ጉድጓዱን የሚሞላውን ውሃ የሚወስደው ቦዩ ነው።»

«ምን አልሽ? ጎርፉ እኮ ሕፃን ይወስድ ነበር! ጭቃውንስ? የፍየሉን በጠጥ ሁሉ ጉድጓዷ ውስጥ ልጨምርላት?»

«በቀጥታማ አይጨመርም። መጀመሪያ ከመንደሩ በላይ በድንጋይ ዝቅ ያለ ክትር ይሠራል። ጎርፉ እዚያ ይበርዳል፣ ጭቃው ይቀራል። ከዚያ ጠጠር በተሞላ ጉድጓድ ገብቶ በአሸዋው ውስጥ ይሰርጋል። ቦይዎም ይኑር፤ የተረፈውን ብቻ ይውሰድ።»

«ስለዚያ አገር ፀሐይ ሳትሰሚ ቀርተሽ ነው። የታቆረ ውሃ ሳምንት አይቆይም።»

«ታዲያ መሬት ውስጥ ምን ፀሐይ አለ?»

አቶ ወንድይራድ ዞረባቸው። ዘይቱ፣ ጭልፋው፣ ጠጠሩ፣ ሁሉም አንድ ላይ ተደበላለቀባቸው። «በሞኝ ክንድ የዘንዶ ጉድጓድ ይለካል አሉ!» አሉ ተቆጥተው። «በእህቴ ጉድጓድ ልትማሪበት ነው?»

«እስካሁን ሁለት ጊዜ ማን ተማረበት፣ ጋሼ?»

ቃሉ ካፏ እንደወጣ አፏን በእጇ ያዘች። ደፋር ናት የሚል አይጠፋም። እሳቸው ግን ከዚያ በላይ አልተቆጡም፤ አፈሩ። የሚያሳፍር እውነት ደግሞ ከማር ይልቅ መድኃኒት ነው። ስልካቸውን አውጥተው እዚያው ዝናብ ላይ ደወሉ።

«የዓለምዘርፍ፣ ቆፋሪው ጉድጓዱን ይተወው። ወደ ቦዩ ራስጌ ውሰጂው። ከጎረቤት ጋር ሆናችሁ ክትር ትሠራላችሁ፤ አሠራሩን አንዲት ልጅ ታስረዳሻለች።»

«ወንድም ጋሼ፣ አሞሃል እንዴ? ለዚያ ቦይ እኮ ሰው ሁሉ ይመርቅሃል!»

«ምርቃቱን ተይው። ውሃሽን ባሕር ውስጥ ስደፋ የኖርኩት እኔ ነኝ።»

ስልኩን ለዮዲ ሰጧት፤ ግማሹ ነገር አሁንም አልገባቸውም ነበር።

በደረቅ አገር ዝናብ ማለት ችኩል እንግዳ ነው፤ ካላስቀመጡት አይቀመጥም። መሬት ውስጥ የገባ ውሃ ግን ፀሐይ አያገኘውም፣ ባሕሩንም ገፍቶ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። በልክ ለሚቀዳ ሰውም ይበረክታል።

ለየዓለምዘርፍ ይህ የሆነው ባንድ ቀን አይደለም። ከሦስት ዝናብ በኋላ አቶ ወንድይራድ በሚሠሩበት ፓርኪንግ ውስጥ ሳሉ ደወለች። ጨዉ ጨርሶ እንዳልጠፋ፣ ግን ውሃው ለመጠጥ እንደበቃ፣ በሞተር መሳብ ትተው በባልዲ እንደሚቀዱ ነገረቻቸው።

«አንቺስ እንዴት ነሽ?» አሏት።

«እኔማ» አለች፣ «አስሬው የነበረውን ዕቃ ፈታሁት።»