ሊፍቱ የተበላሸ ዕለት

ከቶተንሃም በተሳፈርኩበት አውቶብስ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ወጣት አጠገቧ ያሉትን አሮጊት፣ "እማማ፣ በአንደርግራውንድ ባቡር ቢሄዱ አይፈጥንም?" አለቻቸው።

"እዚያ ጉድጓድ ሁለተኛ አልወርድም።"

"ምነው?"

"ባለቤቴ ሆስፒታል ሊሞት ነው፣ ቶሎ ነይ ተባልኩ። ከባቡሩ ስወርድ ወደ ላይ የሚያወጣው ሊፍት ተበላሽቷል።"

"ታዲያ ምን አደረጉ?"

"የጣቢያው ሠራተኛ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ፣ 'ሌላ ጣቢያ ሄደሽ ውጪ' አለኝ። ያንን ሁሉ ደረጃ በዚህ ጉልበቴ እየዳህኩ ወጣሁት።"

"ደረሱለት?"

"ስገባ ፊቱን ሸፍነውታል።"

"አቤት ብለው ኮምፕሌይን አላደረጉም?"

"አደረግኩ እንጂ። 'ለደረሰብዎ መጉላላት ይቅርታ' አሉኝ። መጉላላት ነው የሚሉት፣ ልጄ። ሰውዬው ብቻውን ሞቶ፣ መጉላላት።"

መውረጃዬ ሲደርስ የማስቆሚያውን ደወል ሳልጫን ቀረሁ።