ጊዜው አልፎበታል ስለተባለው አንድ እሽግ ውሃ የተሰጠ የምስክር ቃል

የምስክሩ ስም፦ በመዝገብ ተይዟል፤ በሰፈር «አባ ዝርዝር» ይባላሉ
ዕድሜ፦ 53
ሥራ፦ የመጋዘን ዕቃ ተቆጣጣሪ
የትምህርት ደረጃ፦ ሁለተኛ ደረጃ ያጠናቀቁ
አድራሻ፦ ከገበያው ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ቀን፦ 14/9
ቃል መስጠት የተጀመረበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡50

ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ትልቋ ልጄን ምጥ ያዛት። ባለቤቴን ቀሰቀስኩ፣ አማቼን ቀሰቀስኩ፣ በሩ ጀርባ የለጠፍኩትን ዝርዝር አንስቼ ዕቃ ማውጣት ጀመርኩ። ፎጣ፣ የሕፃን ልብስ፣ ነጠላ ጫማ፣ የክትትል ካርድ፣ ውሃ፣ ሌላም ሌላም፣ በድምሩ አሥራ አራት ነገር ነው። ልጄ ደረጃው ላይ ቆማ «አባዬ፣ ይሄ ልጅ እኮ ዝርዝር አያውቅም፣ ፍጠን!» አለችኝ። 1 ሰዓት ላይ ሆስፒታል ደረስን።

2 ሰዓት ተኩል ገደማ አዋላጇ ነርስ ውሃ ስጧት አለች። ከእሽጉ አንድ ጠርሙስ አውጥቼ ሰጠኋት። አንድ ጉንጭ እንደጠጣች አንገቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አየሁት። ማብቂያው 11/9 ይላል። ሦስት ቀን አልፎታል። ጠርሙሱን ከእጇ ነጠቅኳት። ባለቤቴ «ልጅቷ ጠምቷታል፣ አንተ ታነባለህ!» ብላ ጮኸችብኝ። እኔ ግን ልጄንም ያልተወለደውንም ልጅ በገዛ እጄ የመረዝኩ መሰለኝ። እሽጉን ታቅፌ ወጣሁ። አማቼ «አባባ፣ ይቆዩ!» እያለ እስከ መውጫው ተከትሎኝ ነበር፣ አልሰማሁትም።

3 ሰዓት ላይ ከዚህ ፖሊስ ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ደረስኩ። ባለሱቁ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረቤቴ ነው። «ለወላድ መርዝ ትሸጥልኛለህ?» አልኩት። እሱም ቀኑን አይቶ «አባ ዝርዝር፣ ዝናብ ሲዘንብ ማብቂያ ቀን ተጽፎበት ነው እንዴ? ደግሞ ውሃ ምኑ ይበላሻል?» አለኝ። «ካልተበላሸ ቀኑን ለምን ጻፉት?» ስለው «እኔ ምን አውቄ! ላንተ ማንበቢያ ይሆናላ» አለ። ሳሙና የሚገዙት ሰዎች ሳቁብኝ። ደሜ ፈላ። እጁን ይዤ ወደዚህ ጣቢያ አመጣሁትና ከሰስኩት።

ቃሌን የሚቀበሉት ሳጅን ነገሩ እውነት ከሆነ ሱቁ እንደሚታሸግ ነገሩን። ያኔ የባለሱቁ ሳቅ ጠፋ። መቼ እንደገዛሁት ተጠየቅኩ። ባለፈው ሳምንት አልኩ። ሳጅኗ እሽጉን ገለበጡት። ከሥሩ በማርከር «6/2 ገባ» ተብሎ ተጽፏል። ጽሑፉ የኔ ነው፣ አልካድኩም። እንደ ሥራ ቦታዬ ቤቴም በሚገባው ዕቃ ሁሉ ላይ ቀን እጽፋለሁ። ያ እሽግ ልጄ ማርገዟን በነገረችን ማግስት ለዚህ ቀን ብዬ የገዛሁትና አልጋ ሥር ያስቀመጥኩት ነው። ያኔ ማብቂያ ቀኑ ገና ሰባት ወር ይቀረው ነበር። ባለፈው ሳምንት የገዛሁት ወጥ ቤት ተቀምጧል። የመጋዘን ሕግ መጀመሪያ የገባ መጀመሪያ ይውጣ ስለሚል አሮጌውን ይዤ ወጣሁ። በዚህ ባለሱቁ ጥፋት የለበትም።

ልጄ ግን ጠጥታለች። አማቼ ውሃ ማሸጊያ ፋብሪካ ነው የሚሠራውና ሳጅኗ ደውለው ይጠይቁት አሉኝ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ደወልኩ። ገና ሃሎ ሳልል «አባባ! ሴት ናት! ሁለቱም ደህና ናቸው!» አለ።

«ተመስገን! የጠጣችውስ ውሃ?»

«አባባ፣ አያት ሆኑ እኮ ነው የምልዎት!»

«ሰማሁ ልጄ፣ ውሃውስ?»

«ውሃውማ አያረጅም፣ ጠርሙሱ ነው። ሲቆይ፣ ይልቁንም ሙቀትና ፀሐይ ካገኘው፣ የፕላስቲኩ ጣዕም ወደ ውሃው ይገባል፣ የውጭ ሽታም ይስባል። ቀኑ ፋብሪካው እስከዚህ ድረስ ለጣዕሙም ለጥራቱም ዋስ ነኝ የሚልበት ነው። አጠገቡ ያለው ቁጥር ደግሞ ችግር ቢገኝ የትኛው ምርት እንደሆነ ለይተን የምንሰበስብበት። የት ነበር የተቀመጠው?»

«አልጋ ሥር፣ ጨለማ ውስጥ።»

«በቃ፣ በአንድ ጉንጭ ምንም አትሆንም። ስነግርዎት ሮጡ። ለአራሷ ግን አዲሱን ይዘው ይምጡ።»

እዚህ ላይ አለቀስኩ። ባለሱቁ «ቆይ፣ እኔን ማሳሰር ዝርዝርህ ላይ ስንተኛው ነበር?» አለኝ። ሳጅኗ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። «ወንድሜ፣ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት። አንገቴን አቅፎ «እንኳን ማርያም ማረቻት!» አለኝ። ከዚያ ሳጅኗን አስፈቅዶ መንገዱን ሮጦ ተሻገረና አዲስ እሽግ ውሃ አመጣ። ቀኑንም እኔ ከማንበቤ በፊት ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ማብቂያው የመጪው ዓመት 2/8 ነው።

አቤቱታዬን አንስቻለሁ። ለባለሱቁ መፈታት ቃሌ መጻፍ አለበት ስለተባለ እንጂ እስካሁን የልጅ ልጄን አይቼ ነበር። የሰጠሁት ቃል ተነቦልኛል፤ ያልኩት ነው፣ የጨመርኩትም የደበቅኩትም የለም።

የምስክሩ ፊርማ፦ ፈርመዋል
የቃል ተቀባይ ሳጅን ፊርማ፦ ፈርመዋል
ያበቃበት ሰዓት፦ 4፡20

ከፊርማ በኋላ በምስክሩ ጥያቄ የተጨመረ፦ ባለሱቁ «ለአራስ ነው» ብሎ ገንዘቤን አልቀበል ስላለኝ፣ ዛሬ የወሰድኩት የአንድ እሽግ ውሃ ዋጋ አልተከፈለም።