ድንበር ያለፈው እንሰት

ባለፈው እሑድ ከወልቂጤ ተነስቼ ወደ ትውልድ መንደሬ፣ ወደ ጉንችሬ ሄጄ ስለ ቅድስና አስተማርኩ። «እግዚአብሔር ቅዱስ ነው፤ ኃጢአታችንን እንዳቀፍን አንቀርበውም» ስል ቤቱ በአሜን ተናወጠ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔም በራሴ ስብከት እንባዬ መጣ። ስወጣ ጎረቤታችን እትዬ አስካለች በር ላይ ጠበቁኝ።

«ጸልይልኝ ልጄ፤ ቂም ይዣለሁ» አሉኝ። «አንተ እንዳልከው ከሆነ እኔ እሱ ዘንድ አልደርስም።»

«ቂሙ በማን ላይ ነው፣ እትዬ?»

«ባሌን በቀበርኩ ሰሞን ድንበሬን አልፎ እንሰት የተከለብኝ ሰው አለ። ስሙን አልጠራም። እንሰቱ አሁን ከቁመቴ በልጧል፤ ባየሁት ቁጥር ልቤ ይጠቁራል።»

ያን እንሰት የተከልኩት እኔ ነኝ። እሳቸውም ያውቃሉ፤ ዓይን ዓይኔን ነበር የሚያዩኝ። ልናገር አፌን ስከፍት ምእመናኑ ከበውን ቆመዋል። እጄን አናታቸው ላይ ጫንኩና ይቅር የሚል ልብ እንዲሰጣቸው ጸለይኩ።

«አሜን፣ ይቅር ብዬዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «አሁን ደግሞ ለእሱ ጸልይለት።»

ለእሱ መጸለይ ግን እስከ ዛሬ አልሆነልኝም። እንሰቱም አልተነቀለም።