እማዬ የተነፈሰችበት መስታወት

ሥራዬን ስነግራቸው ሰዎች ይስቃሉ። ከሽሮ ሜዳ የገዛሁትን ጥጥ ዓይን እስከማያየው አደቅቀውና መስታወት ላይ እቀባዋለሁ፤ ዚንክ ኦክሳይድ የሚባል ነጭ ውህድ አለብሰዋለሁ፤ ከዚያ ጥጡን አቃጥለዋለሁ። የሚቀረው ቀዳዳ የበዛበት ስስ ሽፋን ትንፋሽ ውስጥ ያለን አሴቶን ያሸታል። አሴቶን ስኳር ያለበት ሰው ትንፋሽ ላይ ሲበዛ የአደጋ ምልክት ነው።

አንድ ቀን መስታወቶቹን ጉለሌ ቤታችን ይዤ መጣሁ። አንዱን ከኮምፒውተሬ ጋር አገናኝቼ እኔ ስተነፍስበት ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ንቅንቅ አላለም። እማዬ ስትተነፍስበት ግን ሽቅብ ተተኮሰ። «ተበላሸ መሰለኝ» አልኳትና መስታወቱን ቀየርኩት። ሁለተኛውም ተተኮሰ። ሦስተኛውም። ሁለት ዓመት ሙሉ «በቃ አንዴ ሥራልኝ» እያልኩ የለመንኩትን ዕቃ፣ «ምነው በተበላሸህ!» አልኩት።

«እማዬ፣ የስኳሩን መርፌ ዛሬ ወስደሻል?»

ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። «ጠበል ከጀመርኩ... እ... ትቼዋለሁ። አራት ቀኔ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትፈሪያለሽ ብዬ።»

ወደ ሆስፒታል ስንሄድ ታክሲው ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተደገፈች። ትንፋሿ በጣም እንደበሰለ ሙዝ ይሸታል፤ የአሴቶን ሽታ ነው። አራት ቀን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ስትስመኝ፣ እኔ አፍንጫ አልነበረኝም?