ወደ ግራ ያዘነበለው ብየዳ

ጋሽ መርዳሳ እዚህ መሥሪያ ቤት ሥራ የጀመሩት ጋሪ በማሳደድ ነው። ይሰማል ከኋላ? ጋዲሴ፣ ማይኳን ትንሽ ከፍ አድርጊልኝ። እ፣ በቃ በቃ። ግራይንደር መሐል ስጮህ የኖርኩ ሴት ነኝ፣ ቀስ ብሎ መናገር አልችልበትም።

ለማታውቁኝ እንግዶች፣ እናትነሽ እባላለሁ፣ የብየዳ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ዛሬ በዚህ የጡረታ ሽኝት ላይ ተናጋሪ የሆንኩት አንደበቴ ጥሩ ስለሆነ አይደለም። የዛሬ ሃያ አንድ ዓመት ጋሽ መርዳሳ ዲዛይነር ሆነው ሲቀጠሩ እዚህ ከነበርነው ውስጥ የቀረሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነው።

ያን ቀን ከመናኸሪያ በፈረስ ጋሪ መጡ። በራችን ላይ ወረዱ። ሻንጣቸውን እንደማውረድ ከኪሳቸው ሜትር አውጥተው የጋሪውን ጎማ፣ ወለሉን፣ ፈረሱ የታሰረበትን እንጨት ይለኩ ጀመር። ባለጋሪው «ምን አጠፋሁ ጌታዬ?» ይላል። እሳቸው «ዝም ብለህ ቁም! ስንት ኩንታል ትጭናለህ?» ይሉታል። ሰውየው ጋሪ ሊያግዱ ከማዘጋጃ ቤት የመጡ መስሎት ፈረሱን ገርፎ እብስ አለ። ከነሻንጣቸው! እኔ ያኔ የግቢው ጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ፤ መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ተከትያቸው ሮጥኩ። ሰው እንዲህ ሲሆን «ያዙልኝ!» ብሎ ይጮሃል አይደል? እሳቸው ምን እያሉ ነው የሚሮጡት? «አንድ ሜትር ከሃያ! ወለሉ አንድ ሜትር ከሃያ ነው፣ አደራ እንዳትረሺው!»

አልረሳሁትም ጋሼ። ይኸው።

ከዚያ ወዲህ እሳቸው ያልለኩት ነገር የለም። ዛሬ እዚህ ሲገቡ ኬኩን በስንዝር ሲለኩ ያየ እጁን ያውጣ። አያችሁ? እርሳሱን ጆሯቸው ላይ ሰክተው «ኢጆሌ፣ እናንተ ልጆች፣ እርሳሴን መልሱ!» እያሉ ኪሱን ያላስፈተሹት ሠራተኛ አለ? ዓርብ ዓርብ ደግሞ ከምሳ በኋላ የግሪስ ቆርቆሯቸውን ይዘው ከመጋዘኑ ጀርባ ይጠፋሉ። «ሁለተኛ ሚስታቸው ጋ ሄዱ» እንላለን። ወይዘሮ ገላኔ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፤ ባለቤትዎ ዓርብ ማታ ግሪስ ግሪስ ከሸተቱ ምክንያቱ ያ ነው።

ሶደሬ ለሽርሽር የሄድን ጊዜ እኛ ውሃው ውስጥ ስንንቦጫረቅ እሳቸው የመዋኛውን ጠርዝ ይለካሉ። ጦጣ መጥታ ሜትሩን ነጥቃቸው ዛፍ ላይ ወጣች። ሳበችው፣ ሳበችው፣ ሳበችው፤ ስትለቀው ሽው ብሎ ሲመለስባት ደንግጣ ወረወረችው። እኛ በሳቅ ሞትን። እሳቸው ሜትሩን አንስተው እየጠረጉ «አያችሁ፣ የሚረዝም ነገር ሁሉ መመለሻ ሊኖረው ይገባል» አሉን። በሽርሽር ቀን! ሰው እንዴት ሶደሬ ሄዶ ስለ ሥራ ያስባል?

እኔን ከመጥረጊያ ያላቀቁኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን «ነይ እስቲ፣ መጥረጊያ ስትይዢ አይቼሻለሁ፣ እጅሽ አይንቀጠቀጥም» ብለው የብየዳ ማስክ አጠለቁልኝ። ወንዶቹ ሳቁብን። ስድስት ወር ሙሉ የምሳ ሰዓታቸውን ትተው አስተማሩኝ። አንድ ነገር ግን ሊያስተዉኝ አልቻሉም፤ ብየዳዬ ወደ ግራ ያዘነብላል። «አሁንም እየጠረግሽ ነው» ይሉኛል። «ሺህ በያጅ ቢሰለፍ ያንቺን ጨለማ ውስጥ በጣቴ ዳስሼ አውቀዋለሁ።» ይቺን ንግግራቸውን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አሁን ስለ ተሳቢው ልናገር። አዲሶቹ ልጆች ስሙን እንጂ ታሪኩን አታውቁም።

ጋሽ መርዳሳ ሻሸመኔ ገበያ ሦስት ሳምንት ተቀምጠው ሰው ጭነት ሲጭን አዩ። ያው አንድ ሰው ሰኞ ድንች ይጭናል፣ ሐሙስ የሕንፃ ፌሮ ይጭናል፣ ቅዳሜ ጭድ ይጭናል። ድንቹ ይከብዳል፣ ፌሮው ይረዝማል፣ ጭዱ ይሰፋል። ሦስት ተሳቢ ከየት ያመጣል? ስለዚህ ለሁሉም የሚሆን አንድ ተሳቢ ነደፉ። ቱቦላሬ ያው ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት ነው፣ አንዱ ሌላው ውስጥ ይገባል፤ የፈለጋችሁትን ያህል ትስቡትና ቀዳዳው ላይ ፒን ትሰኩበታላችሁ። ጎኑም እንደዚያው ይሰፋል፣ ይጠባል። ልክ አለው ደግሞ። ከመጨረሻው ቀዳዳ አጠገብ በቀይ ቀለም መስመር አሰምረው «ከዚህ አይለፍ» ብለው ጻፉበት። አራት ዓመት ፈጀባቸው። አሥራ አንድ ሠራን። የመጀመሪያው በትራክተር ተጎትቶ ከግቢ ሲወጣ ጋሽ መርዳሳ እስከ ዋናው አስፋልት በእግራቸው ተከትለው ሸኙት፤ አልቅሰዋል፣ አይቻለሁ፣ «አቧራ ነው» ብለውኛል።

ሰዎቻችን ያን ተሳቢ ምን እንዳደረጉት ታውቃላችሁ? በየዱት! የሚረዝም የሚያጥረውን ተሳቢ እስከ ጥግ ስበው፣ ፒኑን ወርውረው፣ ድርቅ አድርገው በየዱት። አንዱን ባለቤት ጋሽ መርዳሳ «ለምን?» ብለው ቢጠይቁት «ማጠሩ ምን ያደርግልኛል?» አላቸው። ፀጉራቸው የሸበተው ያን ሰሞን ነው።

እስካሁን ሳቃችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከዚህ በኋላ የሚያስቅ የለኝም።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ መቂ መንገድ ላይ፣ ከአሥራ አንዱ አንደኛው ፌሮ እንደጫነ ተሰበረ። ሹፌሩ የሆነ ድምፅ ሰምቶ ትራክተሩን አቆመና ሊያይ ወረደ። ጭነቱ ተናደበት። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ሹፌሩ ሽኩር ነው፤ ያውላችሁ በሩ አጠገብ የተቀመጠው። ጋሽ መርዳሳን ለዛሬ ማንን እንጥራልዎ ብንላቸው «ሽኩርን» አሉ። ሌላ ስም አልጨመሩም።

ጋሽ መርዳሳ ያኔ ቦታው ድረስ ሄደው ስብርባሪውን አዩ። ተመልሰው «የዲዛይን ጉድለት ነው፣ ኃላፊው እኔ ነኝ» ብለው ፈረሙ። ተሳቢው ተከለከለ። እሳቸው ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት በርና መስኮት ሳሉ። ሻሸመኔ ገበያ ተቀምጦ የሰው ጭነት ሲያጠና የከረመ ሰው፣ የግቢ በር ማጠፊያ ሲስል ጡረታ ወጣ። ስማቸውም ከተማው ውስጥ ተረት ሆነ፤ አንድ ነገር ሲበላሽ «የመርዳሳ ተሳቢ» ይባላል። ትናንት እዚሁ ግቢ ውስጥ የወንበር እግር ሲነቀል ሰምቻታለሁ። ይቺን ያለው ልጅ እዚህ አለ፣ ስም አልጠራም። እሳቸውም እየሰሙ አለፉ።

ያን የተሰበረውን ተሳቢ የበየድኩት እኔ ነኝ።

በእጃቸው «ተዪው» እያሉኝ ነው። አልተወውም ጋሼ። ዛሬ ማይኩ እኔ ጋ ነው።

አብዱልመናን የሚባል የመቂ ነጋዴ ነበር፣ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጥ። ምሳ ሰዓት ላይ ተሳቢውን አስጎትቶ መጣ። ጋሽ መርዳሳ ለሥራ ሻሸመኔ ሄደዋል። «እህቴ፣ ፌሮው ከኋላ መሬት ይጠርግብኛል፣ አንድ ሜትር ብቻ ጨምሪልኝ» አለኝ። «መስመር አለው እኮ፣ አያልፍም» አልኩት። «መስመር የሚያሰምር ሰው ጭነት አያውቅም። ብረት የምታውቂው አንቺ ነሽ» አለኝ። ይቺ ናት የገደለችኝ። ትናንት ግቢ ስትጠርግ የነበረችን ሴት ከዲዛይነሩ አስበልጦ ጠየቃት! ቱቦላሬውን ከመጨረሻው ቀዳዳ አሳልፌ ሳብኩት። ውስጠኛው በውጪኛው ውስጥ የቀረለት አንድ ስንዝር አይሞላም። በየድኩት። ቀይዋን መስመር በግራይንደር አጠፋኋት። ከዚያ ራቅ ብዬ አየሁትና አማረልኝ አልኩ።

ሦስት ሳምንት ቆየ።

ወሬው ሲደርስ አሁን መጥተው ይይዙኛል ብዬ ጠበቅሁ። ያኔ ባሌ ከሞተ ዓመት አልሞላውም፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። ጋሽ መርዳሳ ፈረሙ ሲባል እፎይ አልኩ። ስናገረው አፌን ይመረኛል፣ ግን ያልኩት እፎይ ነው። ብረቱ ተሰባብሮ ብየዳው አልታወቀም ማለት ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ዘጠኝ ዓመት ከእሳቸው ጋር አንድ ትሪ ላይ ምሳ በላሁ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ይነቅዛል። ሆዴ ውስጥ ሲነቅዝ ዘጠኝ ዓመት አይቼዋለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ግቢው ይጽዳ ተባለና ከመጋዘኑ ጀርባ የቆመውን ብረት ቆርጬ ለቁርጥራጭ እንዳስረክብ ታዘዝኩ። ከአሥራ አንዱ በፊት ለሙከራ የሠራነው ናሙና ተሳቢ ነው፣ ያልተበየደ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ዘጠኝ ዓመት ፀሐይና ዝናብ የተፈራረቀበት ብረት ነውና ዝጎ ይሆናል ብዬ ትልቁን መዶሻ ይዤ ሄድኩ። ፒኑ በሁለት ጣቴ ወጣ። ቱቦላሬውን በአንድ እጄ ስስበው መጣ፣ ስገፋው ገባ። ለካ ዓርብ ዓርብ ግሪሱን ይዘው የሚሄዱት እዚያ ነው። እኛ ስንስቅባቸው እሳቸው ማንም የማይጭንበትን ተሳቢ እንዳይደርቅ ይቀቡታል። ቆሜ አለቀስኩ። ከዚያ ቆረጥኩት። ታዝዤ ነው፤ ግን ሥራዎን ሁለት ጊዜ ያጠፋችው እጅ ያው የኔ እጅ ናት።

በማግስቱ ለዚህ ንግግር ቀልድ ልፈልግ ብዬ መዝገብ ቤት ገባሁ። ጋዲሴ የጋሽ መርዳሳን ፋይል አወጣችልኝ። ከተፈረመው ወረቀት ኋላ በእርሳስ የተጻፈ ረቂቅ አለ። የተሰበረው መጋጠሚያ በእሳቸው እጅ ተስሏል። ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ተጽፎ ተሰርዟል። ስርዙ ግን ይነበባል። «ብየዳው ወደ ግራ ያዘነብላል» ይላል።

በጣታቸው ዳስሰው አውቀውኛል። አውቀውኝ ሰረዙኝ።

ለምን ጋሼ? ልጆቼን አስበው ነው? ወይስ ያስተማርኳት እኔ ነኝ ብለው? አልጠይቅዎትም፣ አይመልሱልኝም። የሽኝት ንግግር ላይ ምስጋና አለ፣ ወጉ ነው። ለመጥረጊያው አመሰግናለሁ፣ ለማስኩ አመሰግናለሁ፣ ለስድስት ወሩ ምሳ አመሰግናለሁ። ለዚያች ስርዝ ግን ምን ብዬ ላመስግን? ልጆቼ የተማሩት እርስዎ መሳቂያ ሆነው ነው። አመሰግናለሁ ብል ነውር ነው፣ ዝም ብል ደግሞ የባሰ ነው።

ዛሬ ጠዋት ሁሉንም በጽሑፍ አድርጌ ለአስተዳደሩ አስገብቻለሁ፣ ማኅተም አርፎበታል። በቅርቡ ለእኔም ሽኝት ይኖራል መሰለኝ፣ ጋቢ የሌለው። ይሁን። ራሴን ግን አላታልልም። ምን ይመለሳል? ተሳቢው ተቆርጧል። ንድፉን የሚጠይቅ የለም፤ ከውጭ የመጣውን እየገጣጠምን ነው። «የመርዳሳ ተሳቢ» የሚለውን ከሰው አፍ በየትኛው ማኅተም ላውጣው? እርስዎም ስልሳ ሞላዎት። የሚረዝም ነገር ሁሉ መመለሻ ይኑረው ብለውን ነበር። የኔ ዝምታ ረዘመ፣ መመለሻውን እኔው በየድኩት።

ሽኩር ወንድሜ። ጋሽ መርዳሳ ሆስፒታል መጥተው «ጥፋቱ የኔ ነው» ሲሉህ «አፉ ብያለሁ» ብለሃቸዋል፣ ነግረውኛል። ያ ይቅርታ የሳቸው አልነበረም። የኔ ነበር፤ ሳልጠይቅህ በሳቸው እጅ ተቀበልኩት። መልሰህ ብትወስደው መብትህ ነው።

መሥሪያ ቤቱ ጋቢና የግድግዳ ሰዓት ሰጥቷል። የኔ ስጦታ ይቺ ናት፣ የናሙናው ፒን። አልወለወልኳትም ጋሼ፣ የቀቧት ግሪስ አሁንም አለባት፣ እጅ ታቆሽሻለች። ይያዟት።

በሉ እንግዲህ፣ ለስላሳም የያዛችሁ ቢራም የያዛችሁ ብርጭቋችሁን አንሱ። ለጋሽ መርዳሳ። ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ጤናውን ይስጥዎ፣ ከወይዘሮ ገላኔ ጋር በሰላም ያኑርዎ። ከእንግዲህ የሠሩትን ማንም አይበይድብዎ። ገለቶማ፣ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። እስቲ ሁላችሁም ለእሳቸው ተነሱ።

ሽኩር፣ አንተ አትነሳ። እኔ እመጣለሁ።