ተዘቅዝቆ የቆመው ስም

እማማ ላስሚ ለመሥዋዕት የሚሆን የዘንባባ ቅጠል እየሸነሸኑ ጎረቤታቸውን ሩሚኒን ስለ ዶሮዋ ጠየቋት። ከፊት ለፊታቸው የእህታቸው ልጅ ሱዋርቲ ስላ የጨረሰችው የቤተ መቅደስ ጨርቅ ተዘርግቷል። ባልዋ ገዴ ብሩሹን ነክሮ ስሙን ሊጽፍበት ጎንበስ ብሏል። በባሊ፣ በነሱ መንደር፣ መስመሩን ወንድ ይስላል፣ ሴት ቀለም ትሞላለች፣ ስሙም የወንዱ ነው። በዚህ ቤት መስመሩንም እሷ መሳል ከጀመረች መቆየቷን ግን የማያውቅ የለም። ጠዋት «የእኔም ስም ይግባ» ብትለው ገዴ ሳቀባት።

«ሩሚኒዬ፣ ዶሮሽ እንዴት ናት? አሁንም ትጥላለች? መቼም እሷ ትጥላለች፣ የሚጮኸው አውራው ነው... ተይው፣ የአምላክ ሥራ ነው።

«እኔ አንድ የማደንቀው ሰው አለ። ማንም አይደለም... እንዲሁ አንድ ሰው። ያለፈው ጨርቅ ለእንግዶች ሲዘረጋ አልነበርሽም? ስሙ ከላይ ተዘቅዝቆ ቆሟል! ጨርቁ እንደተጠቀለለ ጫፉን ብቻ ገልጦ ፈርሞ ነው አሉ። ሰው ሳቀ፤ እኔ ምን ያስቃል አልኩ። በሥራ የደከመ ሰው የገዛ ሥዕሉ ራሱ በየት፣ እግሩ በየት እንደሆነ ቢጠፋው ይፈረድበታል? ትሕትና እኮ ነው... ስሙ እንኳ ከሥዕሉ ፊት ቀና ብሎ መቆም አፈረ።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ ይባል የለ? እውነት ነው። እሷ ክረምት ከበጋ ታጎነብሳለች፣ እሱ አንዴ ጎንበስ ይላል፣ አለቀ። በሰው ወርቅ አይደምቁ ያለውም ሚስት ያልነበረው ምስኪን መሆን አለበት...

«አሁን ደግሞ እሷ ስሜ ይግባ አለች አሉ። ምን ያለች ደፋር ናት? የሷ ስም ከገባ እኮ ላይና ታቹን የሚያውቅ ሰው በቤቱ ተገኘ ማለት ነው... ይህ ደግሞ ለአባወራ ደስ አይልም።»

ጨርቁ ዛሬ እንደተዘረጋ ነው። ገዴ ግን አንዴ በዚህ ጫፍ፣ አንዴ በዚያ ጫፍ ዞረ፤ ብሩሹ እጁ ላይ ደረቀ። ሱዋርቲ ቀና አላለችም፤ የቀለሙን ሳህን ብቻ ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው።

እማማ ላስሚ ቅጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ። መዳፋቸውን ገጥመው ማር በመሰለ ድምፅ መረቁ፦

«አምላክ ለዚያ ባለ እጅ ዕድሜ ይስጥልን። የሚስቱንም ጣት እሾህ እንኳ አይውጋብን... እሷ የታመመች ቀን የእሱ ጥበብ አልጋ ይይዛልና።»